የአያቷን ዱካ የተከተለችው ሴት

የባለቤቴ ሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ልጆቻችን ከሕፃንነታቸው ጀምረው ያውቁታል። ጥቁር ሻንጣ ነው። አንዱ ጎማው ከተሰበረ ዓመታት ስላለፉት ሲጎተት ደረጃውን እያንኳኳ ይወርዳል። የመጋቢ ሚስቶች የሆናችሁ እህቶች ይህን ድምፅ ሳትሰሙት አትቀሩም። ኮንፈረንስ አለ፣ የመሪዎች ሥልጠና አለ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ተኳርፈው የተከፈለች አጥቢያ «ኑና አስታርቁን» ብላለች። «አንድ ሳምንት ብቻ ነው» ይባላል፤ አንዱ ሳምንት ሁለት ይሆናል።

አንድ እሑድ ከደቡብ የመጣ ወንጌላዊ ቤታችን ምሳ በላ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከባለቤቴ ጋር ስላደረጉት ጉዞ ያወራን ጀመር። መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ተውጣ እንዴት ሜዳ ላይ እንዳደሩ፣ ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ ተረት እየተረተ እንዴት በሳቅ እንዳፈረሳቸው ሲናገር ራሱም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጃችን የፈንዲሻውን ሳህን እንደያዘች ቆማ ትሰማለች። ማታ ዕቃ ስናጥብ፣

«እማዬ፣ አባዬ ተረት ያውቃል እንዴ?» አለችኝ።

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «እኛ ጋ ሲመጣ እኮ ይተኛል» አለችና ሳህኖቹን መደርደሯን ቀጠለች።

በዚያ ሳምንት ነው መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነሣሁት። ለንደን የምትኖር እህት ለዕረፍት ስትመጣ «አንቺ ማንበብ ትወጃለሽ» ብላ የሰጠችኝ ነበር። ሽፋኑ ላይ የዊንስተን ቸርችልን ፎቶግራፍ ሳይ «የጦርነት ታሪክ ነው» ብዬ አስቀመጥኩት፤ አልገለጥኩትም። ጸሐፊዋ የቸርችል የልጅ ልጅ መሆኗን እንኳ አላስተዋልኩም። ሴልያ ሳንዲስ ትባላለች፤ የበኩር ልጃቸው የዳያና ልጅ ናት። መጽሐፉን ያሳተመችው በ2003 ሲሆን ርእሱ ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «ቸርችልን ማሳደድ» ለማለት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) አያቷ የተጓዙባቸውን መንገዶች እየተከተለች የጻፈችው ነው። «እኛ ጋ ሲመጣ ይተኛል» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ስለነበር፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

ሰውየው ያልረገጡት አገር ጥቂት ነው። በ1895 ገና ወጣት መኮንን ሳሉ ጦርነት ሊያዩ ኩባ ሄዱ፤ ጥይት በአጠገባቸው ሲያልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ሃያ አንድ ዓመት በሞላቸው ሰሞን ነው። ከዚያ ወደ ሕንድ ተላኩ። በቀትር ሙቀት ሌላው መኮንን ሲተኛ እሳቸው እናታቸው ከእንግሊዝ የሚልኩላቸውን መጻሕፍት ያነቡ ነበር። በ1898 ሱዳን፣ ኦምዱርማን ላይ ተዋጉ። ይህን ሁሉ በፍጥነት አለፍኩት። ደቡብ አፍሪካ ስደርስ ግን ቆምኩ።

በኅዳር 1899 ቸርችል የጋዜጣ ዘጋቢ ሆነው የእንግሊዝና የቦኤሮች ጦርነት ወዳለበት ሄደው ነበር። የተሳፈሩበት የታጠቀ ባቡር አድፍጦ በጠበቀው ጦር ተመታና ተማረኩ። ፕሪቶሪያ ከተማ፣ እስር ቤት በተደረገ ትምህርት ቤት ውስጥ ተዘጉ። ታኅሣሥ 12 ማታ አጥሩን ዘልለው ወጡ። ካርታ የለም፣ የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፣ ኪሳቸው ውስጥ ጥቂት ገንዘብና ቸኮላት ብቻ ነው። በዕቃ ባቡር ተሸሽገው ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ሌሊት የአንድ ቤት በር አንኳኩ። በሩን የከፈተው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሥራ አስኪያጅ የሆነ እንግሊዛዊ፣ ጆን ሃዋርድ ነበር። በዚያ ሁሉ አገር ካሉት በሮች መካከል ያንን በር ማንኳኳታቸውን እኔ ዕድል ብቻ ነው ብዬ ላልፈው ይከብደኛል፤ እናንተ እንደፈለጋችሁ አንብቡት። ሃዋርድ ማዕድኑ ጉድጓድ ውስጥ ለቀናት ደበቃቸው። አይጦቹ ሻማቸውን ስለበሉባቸው በጨለማ ተቀመጡ። በመጨረሻ በሱፍ ጭነት መካከል ተሸሽገው፣ ዛሬ ማፑቶ የምትባለው፣ ያን ጊዜ በፖርቹጋል እጅ የነበረች የወደብ ከተማ ደረሱ። ለያዛቸው ሰው የተቆረጠው ሽልማት 25 ፓውንድ ነበር።

ሴልያ ይህን ታሪክ ከአያቷ መጻሕፍት ቀድታ መጻፍ ትችል ነበር። እሷ ግን ራሷ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄደች። በ1999 ባሳተመችው ሌላ መጽሐፏ መንገዱን ከቦታ ቦታ ተከትላ አያቷን ያገኟቸውን ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ፈልጋለች። ቸርችል ከነጻነታቸው በኋላ ለረዷቸው ሰዎች ስማቸው የተቀረጸበት የወርቅ ሰዓት ልከውላቸው ነበር። እኔን የነካኝ ይህ ነው። ሰውየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ባለፉበት አገር ስማቸው ከአባት ወደ ልጅ ሲወራ ይኖራል፤ የራሳቸው የልጅ ልጅ ደግሞ ያንን ለመስማት ባሕር አቋርጣ ትሄዳለች። የእኛ ወንጌላዊ እንግዳ በቡናችን ላይ ያወራልን ተረት ትዝ አለኝ።

ደግሞ ሌላም አለ። ከእስር ቤቱ አብረዋቸው ሊያመልጡ ያሰቡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ቸርችል ዘለሉ፣ ሁለቱ ዘቡን ፈርተው ከውስጥ ቀሩ። አንደኛው፣ ካፒቴን ሃልዴን፣ በኋላ በራሱ መንገድ ቢያመልጥም ቅሬታው ለብዙ ዘመን አብሮት ኖሯል። አንባቢ ሁሉ ዓይኑ የሚከተለው አጥሩን የዘለለውን ነው። እኔ ግን አጥሩ ውስጥ ስለቀረው ሰው ሳስብ አመሸሁ፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቸርችል በ1907 በሚኒስትር ምክትልነታቸው ከሞምባሳ በባቡር ተነሥተው በኡጋንዳ በኩል አድርገው በዓባይ ቁልቁል እስከ ካይሮ ተጓዙ። አገልጋያቸው ጆርጅ ስክሪቪንግስ ካርቱም ላይ በድንገተኛ ሕመም ሞተ። በተመለሱበት ዓመት፣ መስከረም 1908፣ ክሌመንታይን ሆዚየርን አገቡ። ቸርችልን አንቱ ስል ቆየሁ፤ ክሌመንታይንን ግን አንቺ ማለት ይቀናኛል። የአገልግሎት ባልደረባዬ ትመስለኛለች።

ሁለቱ በትዳር በኖሩባቸው ከሃምሳ ስድስት በላይ ዓመታት በተለያዩ ቁጥር ይጻጻፉ ነበር፤ አንዳንዴ በአንድ ቤት ውስጥ እያሉም ጭምር። የመጨረሻ ልጃቸው ሜሪ በ1998 ደብዳቤዎቹን ሰብስባ ትልቅ መጽሐፍ አድርጋ አሳትማቸዋለች። ደብዳቤው ግርጌ ላይ እሷ ድመት ትሥላለች፣ እሳቸው አሳማ። ዓለም የሚፈራቸው ሰው ለሚስታቸው አሳማ ሲሥሉ ማሰብ ያስቃል። ግን ደብዳቤ የበዛው መለያየት ስለበዛ መሆኑንም አትርሱ።

በመጋቢት 1921 ክሌመንታይን ከባሏ ጋር ግብፅ ነበረች። ፒራሚዶቹ አጠገብ ግመል ላይ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ልጆቹ ከሞግዚት ጋር ብሮድስቴርስ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሳሉ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ማሪጎልድ ጉሮሮዋን ታመመች። እናቷ በሌላ ከተማ በእንግድነት ላይ ነበረች፤ አባቷ ለንደን። ሕመሙ ደሟ ውስጥ ገብቶ ሲጠና ተጠርተው ደረሱ፤ ልጅቷ ግን አልተረፈችም።

ይህን ገጽ ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ለሁለት ቀን ዘጋሁት። ከሦስት ዓመት በፊት ታናሹ ልጃችን በሳንባ ምች ታሞ ሆስፒታል ሲያድር ባለቤቴ ጂንካ አካባቢ፣ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ነበር። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የጸለይኩትን ጸሎት እዚህ ልጽፈው አልደፍርም። «ሥራህን እሠራለሁ ብሎ የሄደውን ሰው» በሚል የሚጀምር ነበር፤ አጨራረሱ ጥሩ አይደለም። ልጁ በጌታ ምሕረት ድኖ ወጣ። እኔ ግን ያንን ሌሊት በልቤ መዝገብ ጽፌ ዘጋሁት፤ ለባለቤቴም አሳይቼው አላውቅም።

ወደ ክሌመንታይን ልመለስ። ዝም ብላ የምትቀር ሴት አልነበረችም። ባሏ የሚወዱትን የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻና የቁማር ቤት ኑሮ ስለማትወድ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ሰድዳቸዋለች። በ1934 መጨረሻ ደግሞ ተራው የእሷ ሆነና በአንድ ወዳጃቸው መርከብ ተሳፍራ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች ሄደች፤ አራት ወር ያህል ቆየች። ቤት የቀሩት ዊንስተን ነበሩ! ስለ ቻርትዌል ቤታቸው፣ ስለ ግንባታው፣ ስለ እንስሳቱ፣ ስለ ልጆቹ የሚዘረዝሩ ረጃጅም ደብዳቤዎች ይልኩላት ነበር። እሷ ስትመለስ ከባሊ ደሴት አንዲት ርግብ ይዛ መጣች። ርግቧ ስትሞት በቤቱ የአትክልት ቦታ፣ በፀሐይ ሰዓቱ ሥር ቀበሯት። ስለ ጉዞው ብዙ ይባላል፣ ልቧ በመርከቡ ላይ ወደ ሌላ ሰው ትንሽ አዘንብሎ ነበር የሚሉም አሉ። እኔ የምፈርደው አይደለሁም። ተመልሳ መጣች፤ ደብዳቤውም ቀጠለ።

ልጆቹስ? አባታቸውን ያገኙት መንገድ ላይ ነው። ራንዶልፍ በ1929 ከአባቱ ጋር ካናዳንና አሜሪካን አቋረጠ። የሴልያ እናት ዳያና በ1931 ከወላጆቿ ጋር ኒው ዮርክ ሄደች። አባቷ ታኅሣሥ 13 ማታ መንገድ ሲሻገሩ በአገራቸው እንደለመዱት ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ተመልክተው በመኪና ተገጩ፤ በሕይወት መትረፋቸው ተአምር ነው። ሜሪ በጦርነቱ ጊዜ የወታደር ልብስ ለብሳ እስከ ካናዳ ተከተለቻቸው። ሣራ በ1943 ቴህራን፣ በ1945 ያልታ ነበረች። ከቴህራን በኋላ ቸርችል ካርቴጅ ላይ በሳንባ ምች ሲወድቁ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ልብ ወለድ ታነብላቸው የነበረችው ሣራ ናት። ክሌመንታይንም ይህን ሰምታ በታኅሣሥ ብርድ በወታደራዊ አውሮፕላን ተሳፍራ ደረሰች። በነገራችን ላይ ቸርችል ከያልታ ሲመለሱ በየካቲት 1945 ካይሮ ላይ ከንጉሠ ነገሥታችን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጋር ተገናኝተዋል።

ቸርችልን አማኝ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም፤ እንዲያ ያለ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ስለ አንድ እሑድ ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። ነሐሴ 10 ቀን 1941 ኒውፋውንድላንድ አጠገብ፣ በጦር መርከብ ላይ፣ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ሆነው የአምልኮ ጊዜ አደረጉ። መዝሙሮቹን የመረጡት ቸርችል ናቸው። የሁለቱ አገር መርከበኞች ተደባልቀው በአንድ የመዝሙር መጽሐፍ ለሁለት እያዩ ዘመሩ። መርከቡ «ፕሪንስ ኦቭ ዌልስ» ይባላል። ልክ በአራተኛው ወር፣ ታኅሣሥ 10፣ በጃፓን አውሮፕላኖች ተመትቶ ሰጠመ። ያን እሑድ ከዘመሩት ብዙዎቹ ከመርከቡ ጋር ቀሩ።

ሴልያ ራሷ ከአያቷ ጋር የተጓዘችው በ1959 በጋ ነው። እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ እሳቸው ሰማንያ አራት። የግሪኩ ባለጠጋ አሪስቶትል ኦናሲስ «ክርስቲና» በምትባለው መርከቡ ከሞንቴ ካርሎ አንሥቶ ወደ ግሪክና ቱርክ ወሰዳቸው። ዝነኛዋ ዘፋኝ ማሪያ ካላስም ተሳፋሪ ነበረች። ሰዎች ስለዚያ ጉዞ የሚያወሩት ካላስና ኦናሲስ ትዳራቸውን ትተው የፍቅር ግንኙነት መጀመራቸውን ነው። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ ግን ከአንድ ሽማግሌ ጋር በአንድ ጣራ ሥር መብላትና መሰንበት ደርሷታል። በጉዞው ላይ አያቷ ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበሩም፤ ሥልጣን ከለቀቁ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያኔ ያየቻቸው ሽማግሌ አንዴ ዓለምን እንዳልዞሩ ሁሉ ዝም ብለው ባሕሩን የሚያዩ ሰው ቢሆኑ አይገርመኝም። ምናልባት ያንን ከማየቷ የተነሣ ይሆናል በኋላ ወጣቱን ሰውዬ ፍለጋ ፕሪቶሪያ ድረስ የሄደችው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ እሷ እንዲህ አላለችም።

እውነቱን ለመናገር ጉዞው ቤቱን አላዳነውም። በዚያው መርከብ ላይ አብራ የነበረችው የሴልያ እናት ዳያና ለብዙ ዓመታት ከነርቭ ሕመም ጋር ታግላ በ1963፣ በሃምሳ አራት ዓመቷ፣ በራሷ እጅ ሕይወቷን አጠፋች። አባቷ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በጥር 1965 ነው። ሴልያ እናቷን ያጣችው በሃያ ዓመቷ ነው። የአያቷን ዱካ ስትከተል የእናቷም ዱካ እዚያው መንገድ ላይ ይገኛል፦ ኒው ዮርክ፣ መርከቡ፣ ግሪክ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለባለቤቴ በስልክ ያነበብኩለት። ግንቦት 8 ቀን 1945 አውሮፓ ውስጥ ጦርነቱ አለቀ። ለንደን በደስታ ሰክራለች፤ ቸርችል ሰገነት ላይ ወጥተው ሕዝቡ ይጮኽላቸዋል። ክሌመንታይን አጠገባቸው የለችም። ለሩሲያ እርዳታ የሚያሰባስበውን የቀይ መስቀል ፈንድ ወክላ ሞስኮ ነበረች። አምስት ዓመት ሙሉ ጭንቀቱን አብራ ተሸክማ፣ የደስታው ቀን ሲመጣ መንገደኛዋ እሷ ሆነች። ባለቤቴ በስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝም አለና «እኔስ ስንት የደስታ ቀን አመለጠኝ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም።

መጽሐፉን በጨረስኩ ሰሞን ሐሳቤን ነገርኩት። ዘንድሮ በትምህርት ዕረፍት ወደ ጂንካ ሲሄድ ልጃችንን ይዟት ይሂድ። «መንገዱ አቧራ ነው፣ ማረፊያው አይመችም፣ እሷም ትሰለቻለች» አለ። «ይሁን» አልኩት። ለልጅቷ አንድ ደብተር ገዛሁላትና «ሰዎች ስለ አባትሽ የሚነግሩሽን ሁሉ ጻፊ» አልኳት። «እማዬ፣ ስለላ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሴልያ ሳንዲስም እንዲህ እንዳደረገች ነገርኳት።

በአሥረኛው ቀን ተመለሱ። አቧራ ለብሰው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ አንድ ጣሳ ማር ይዘው። ደብተሩ እስከ ግማሽ ተጽፏል። አባዬ መኪና ውስጥ ይዘምራል፤ ግጥሙን ይረሳና በራሱ ቃል ይሞላዋል። አባዬ ትኩስ በርበሬ ይፈራል፤ እዚያ ግን ይበላል። ሹፌሩ የወንድ ልጁን ስም በአባዬ ስም ነው ያወጣው። እያነበብኩ ሳቅሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ። ያሳደሯቸው እናት የነገሯትን እንዲህ ጽፋዋለች፦ «ወንድምሽ የታመመ ጊዜ ሰው መጥቶ ነገረው። መኪና አልነበረም። አባትሽ ስልክ የሚሠራበት ቦታ እስኪደርስ ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ ሄደ። እኔ ልጄን አስከተልኩት። ጫማው እግሩን አቁስሎት ነበር።»

ያን ጥዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከአንድ የማላውቀው ቁጥር ስልክ መጥቶልኝ ነበር። ድምፁን ስሰማ «ድኗል፣ ሥራህን ሥራ» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከየት እንደደወለ፣ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አልጠየቅሁም። እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደብተሩን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አነበበው። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ልጁ ሲድን አንቺ ነበርሽ አጠገቡ» አለ።

የዚያን ሌሊት የኮሪደሩን ጸሎት፣ አጨራረሱን ጭምር፣ ነገርኩት። ብዙ ተላቀስን፤ ከዚያም ጸለይን። ይህን ለመጻፍ ፈቃዱን ጠይቄ ሰጥቶኛል።

በማግሥቱ ሻንጣውን መርካቶ ወስጄ ጎማውን አስቀየርኩ። አሁን ሲጎተት ድምፅ የለውም፤ ልጆቹ «አባዬ ሳናውቅ ሊሄድ ነው» ብለው ተቃወሙ። ታናሹ ቀጣዩ ተራ የእኔ ነው ብሎ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አልነሣም ብሏል። እሑድ ማታ እራት ላይ ባለቤቴ ያንን የጭቃውን ሌሊት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኛ ተረከልን። መኪናዋ እንዴት እንደተዋጠች፣ ዝናቡ እንዴት እንደወረደ እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ ልጃችን አቋረጠችው።

«አይደለም አባዬ፣ ያን ሌሊት ዝናብ አልነበረም። ቀን ነው የዘነበው። ሹፌሩ ነግሮኛል፣ ጽፌዋለሁ» ብላ ደብተሯን ልታመጣ ተነሣች።